የነምባ ኮድ ከፓይተን አቻው ጋር መስማማቱን የሚፈትሽ የቴስት ረዳት አሠራር፣ ደረጃ በደረጃ

በፓይተን የተጻፈች አጭር የፋክቶሪያል ፋንክሽን በ21 ስትጠሯት 51,090,942,171,709,440,000 ትመልሳለች። ነምባ የፓይተን ፋንክሽንን ወደ ፈጣን የማሽን ኮድ የሚቀይር (ኮምፓይል የሚያደርግ) መሣሪያ ነው። ከላይዋ የእሱን ኤንጂት ዲኮሬተር፣ ይህን የሚያዝዘውን አንድ መስመር፣ ጨምሩና እንደገና በ21 ጥሯት። አሁን መልሷ −4,249,290,049,419,214,848 ነው። ኤረር አልተነሣም፣ ማስጠንቀቂያም አልታየም፤ ከፋንክሽኗ ውስጥ አንድም መስመር አልተነካም። የፓይተን ኢንቲጀር እንዳስፈላጊነቱ እያደገ ይሄዳል፤ ነምባ ግን 64 ቢት ብቻ ይመድብለታል። 20 ፋክቶሪያል በዚያ ውስጥ ይገባል፤ 21 ፋክቶሪያል ይተርፋል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መለያየት የሚይዝ፣ አንዴ ተጽፎ ከፕሮጀክቱ ቴስቶች ሁሉ የሚጠራ ረዳት ፋንክሽን ይሠራል። መሣሪያዎቹ ነምባ፣ ነምፓይ (በአሬይ፣ ማለትም በቁጥሮች ድርድር፣ የሚያሰላ ላይብረሪ) እና ፓይቴስት (ቴስቶችን የሚያስኬድ) ናቸው። ብዙ ሰው ሥራውን በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፦ ሁለቱንም ጥራ፣ ውጤቱን አነጻጽር። ችግሩ እነዚያ ሁለት መስመሮች ሳይታወቅ አንድን ነገር ከራሱ ጋር ሊያነጻጽሩ መቻላቸው ነው፤ ያን ጊዜ ቴስቱ ለዘላለም ያልፋል። ስለዚህ ከታች ያለው አብዛኛው ሥራ ቁጥር ማነጻጸር አይደለም፤ በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተነጻጸሩ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ኮዱን በአማርኛ ስያሜ አስቀምጬዋለሁ። መዋቅሩ የፓይተን ነው፤ «ተግባር» የሚለው መስመር ፋንክሽን ያውጃል፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለው መስመር ከበላዩ ላለው መስመር ይታዘዛል።

ከመጀመራችን በፊት፦ ነምባ ምን ያደርጋል?

በኤንጂት የተሸፈነ ፋንክሽን ሲታወጅ ገና ኮምፓይል አይደረግም። መጀመሪያ ሲጠራ ነምባ የግብዓቶቹን ታይፕ ያያል፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ በውስጡ ያሉትን ተለዋዋጮች ታይፕ ይወስናል፣ ከዚያ ኤልኤልቪኤም በተባለ የኮምፓይለር መሣሪያ በኩል የማሽን ኮድ ያወጣል። ያ ኮድ የሚያገለግለው ለእነዚያ ታይፖች ብቻ ነው። በ64 ቢት ፍሎት አሬይ የተጠራ ፋንክሽን ነገ በ32 ቢት ቢጠራ ሌላ ኮምፓይል ይከተላል። የአሬዩ የማኅደረ ትውስታ አቀማመጥም የታይፑ አካል ነው፤ በረድፍ የተደረደረ፣ በዓምድ የተደረደረ እና እየዘለለ የተቆረጠ አሬይ ሦስት የተለያዩ ሲግኔቸሮች (የግብዓት ታይፕ ዝርዝሮች) ይወጣቸዋል። እያንዳንዱ ሲግኔቸር የራሱ የማሽን ኮድ፣ ስለዚህም የራሱ የስህተት ዕድል አለው።

ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ከተሸፈነው ፋንክሽን ላይ ይገኛሉ። አንደኛው «ፓይ ፈንክ» የሚባለው አትሪቢዩት ነው፤ ዲኮሬተሩ ሳይነካው በፊት የነበረውን የፓይተን ፋንክሽን እንዳለ ይይዛል። ሁለተኛው «ሲግኔቸርስ» ነው፤ እስካሁን ኮምፓይል የተደረጉትን የታይፕ ዝርዝሮች ይሰጣል። ረዳታችን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይቆማል።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ማዘጋጀት

ረዳቱን ከቴስቶቹ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ በራሱ ፋይል አስቀምጡት። ፓይቴስት «አሰርት» ሲወድቅ በግራና በቀኝ የነበሩትን ዋጋዎች ዘርዝሮ የሚያሳየው የቴስት ፋይሎችን፣ ኮንፍቴስትን (የቴስቶቹን የጋራ ማስተካከያ ፋይል) እና ፕለጊኖችን ሲጭን ብቻ ነው። ተራ የረዳት ፋይል ይህ አይደርሰውም፤ ቴስቱ ሲወድቅ ባዶ «አሰርሽን ኤረር» ብቻ ታያላችሁ። ስለዚህ በኮንፍቴስት ውስጥ፣ ረዳቱ ኢምፖርት ከመደረጉ በፊት፣ የፓይቴስትን «ሬጂስተር አሰርት ሪራይት» በረዳቱ ሞጁል ስም ጥሩ።

ከዚህ ጋር፣ በረዳቱ ፋንክሽን የመጀመሪያ መስመር ላይ «ትሬስባክ ሃይድ» የተባለውን ተለዋዋጭ፣ በሁለቱም ጫፎቹ ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለበትን፣ እውነት አድርጉት። ቴስት ሲወድቅ ሪፖርቱ የረዳቱን ሆድ ትቶ ረዳቱን የጠራውን መስመር ያሳያል። 40 ቴስቶች አንድ ረዳት ሲጠሩ ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ደረጃ 2፦ ግብዓት አትቀበሉ፣ ግብዓት ሠሪ ተቀበሉ

ረዳቱ የተዘጋጀ አሬይ ቢቀበል ምን ይሆናል? አሬዩን መጀመሪያ ለፓይተኑ ፋንክሽን ይሰጣል። ፋንክሽኑ አሬዩ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ከሆነ ኮምፓይል የተደረገው የሚያገኘው የተለወጠ ግብዓት ነው። የሚፈተነው ሌላ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

«ኮፒ አደርጋለሁ» የሚለው መልስ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል። የነምፓይ አሬይ የራሱ «ኮፒ» ሜተድ ካልተነገረው በቀር ሁልጊዜ በረድፍ ይደረድራል፤ በዓምድ የተደረደረ አሬይ ሰጥታችሁት በረድፍ የተደረደረ ይመልሳል። ነጻው የነምፓይ «ኮፒ» ፋንክሽን ደግሞ በነባሪው የዓምዱን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ እየዘለለ የተቆረጠ አሬይ ሲሰጠው ግን ጥቅጥቅ አድርጎ ይደረድረዋል። ከላይ እንዳልነው አቀማመጥ የታይፕ አካል ነው። በመሆኑም ኮፒው ልትፈትኑት ያሰባችሁትን ሲግኔቸር ሳይነግራችሁ በሌላ ይተካል።

መፍትሔው ረዳቱ አሬይ ሳይሆን አሬይ የሚሠራ ፋንክሽን እንዲቀበል ማድረግ ነው። በተጠራ ቁጥር ከዜሮ ጀምሮ ያንኑ ግብዓት ይሠራል፦

```
ተግባር የተቆራረጠ_ግብዓት():
    አመንጪ = የነምፓይ_አዲስ_አመንጪ(ዘር=7)
    ሙሉ = አመንጪ.መደበኛ_ስርጭት(66)
    መልስ (ሙሉ[::2]፣ 0.5)
```

የዘሩ ቁጥር (ራንደም ቁጥሮቹ የሚመነጩበት መነሻ) ከፋንክሽኑ ውስጥ መሆኑን አስተውሉ። ውጭ ቢሆን ሁለተኛው ጥሪ ሌሎች ቁጥሮችን ያወጣ ነበር። የጃክስ (ፋንክሽን ኮምፓይል የሚያደርግ ሌላ የፓይተን ላይብረሪ) አዘጋጆች ለራሳቸው ቴስቶች የሚጠቀሙበት የኮምፓይል መፈተሻም የሚቀበለው ግብዓት ሠሪ ነው፤ ያ ምርጫ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 3፦ የረዳቱ አጥንት

```
ተግባር ወጥነት_ፈትሽ(ፋንክሽን፣ ግብዓት_ሠሪ፣ አንጻራዊ=0፣ ፍጹም=0):
    ትሬስባክን_ደብቅ = እውነት
    ነምባ ጂት እንዲጠፋ ከታዘዘ:
        ቴስቱን ዝለል(«ጂት ጠፍቷል፣ የሚነጻጸር የለም»)
    ፋንክሽን ፓይ_ፈንክ ከሌለው:
        ጣል(«ይህ ፋንክሽን በኤንጂት አልተሸፈነም»)

    ሀ = ግብዓት_ሠሪ()
    ለ = ግብዓት_ሠሪ()
    ሐ = ግብዓት_ሠሪ()
    አመሳስል(ሀ፣ ለ፣ 0፣ 0)
    አመሳስል(ሀ፣ ሐ፣ 0፣ 0)

    የሚጠበቀው = አስኪድ(ፋንክሽን.ፓይ_ፈንክ፣ ሀ)
    አንደኛው = አስኪድ(ፋንክሽን፣ ለ)
    ብዛት = ርዝመት(ፋንክሽን.ሲግኔቸርስ)
    አረጋግጥ ብዛት > 0
    ሁለተኛው = አስኪድ(ፋንክሽን፣ ሐ)
    አረጋግጥ ርዝመት(ፋንክሽን.ሲግኔቸርስ) == ብዛት

    አመሳስል(የሚጠበቀው፣ አንደኛው፣ አንጻራዊ፣ ፍጹም)
    አመሳስል(የሚጠበቀው፣ ሁለተኛው፣ አንጻራዊ፣ ፍጹም)
    አመሳስል(ሀ፣ ለ፣ አንጻራዊ፣ ፍጹም)
    አመሳስል(ሀ፣ ሐ፣ አንጻራዊ፣ ፍጹም)
```

ከላይ ያሉት ሁለት ፍተሻዎች አንድ ቢመስሉም ይለያያሉ። ነምባ ጂትን (ፋንክሽን ሲጠራ ኮምፓይል ማድረጉን) የሚያጠፋ የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ አለው፤ እሱ 1 ሲሆን ዲኮሬተሩ የተሰጠውን ፋንክሽን እንዳለ ይመልሳል፣ ፓይ ፈንክም አይኖርም። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ስለሆነ ቴስቱ በግልጽ ይዘለላል። ጂት በርቶ ሳለ ፓይ ፈንክ ከሌለ ግን ሰው ዲኮሬተሩን ረስቷል ወይም አንሥቶታል፤ ያ መውደቅ አለበት። «ፓይ ፈንክ ከሌለ ራሱን ፋንክሽኑን ተጠቀም» የሚል ለጋስ ኮድ እዚህ ቦታ ላይ በፍጹም አትጻፉ። መጀመሪያ ያልኩት፣ አንድን ነገር ከራሱ ጋር የሚያነጻጽር ቴስት የሚወለደው ከዚህ ነው።

ግብዓቶቹን እርስ በርስ ማመሳሰሉ ለግብዓት ሠሪው ጥበቃ ነው። ዘሩን ውጭ የተወ ሰው ወዲያው ይነገረዋል፤ ያለዚያ ስህተቱን በኮምፓይለሩ ላይ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጥሪ ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያው ጥሪ ኮምፓይልንና ሥራን አንድ ላይ ያካሂዳል፤ ተጠቃሚዎቻችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ቀድሞ የተዘጋጀውን ኮድ ነው። የሲግኔቸሩ ቁጥር በሁለተኛው ጥሪ ከጨመረ ግብዓት ሠሪው በታይፕ ያልጸና ነው። ሌላም ጥቅም አለ። ፋንክሽኑ «ኤምፕቲ» በሚባለው የነምፓይ ፋንክሽን ባዶ አሬይ ወስዶ አንዲት ሕዋስ መሙላት ከረሳ፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አዲስ የመጣ ማኅደረ ትውስታ ዜሮ ስለሚሆን መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው ጥሪ ቀድሞ ያገለገለ ቦታ ሲደርሰው ቆሻሻው ይወጣል። ሁልጊዜ ይያዛል ማለት አይደለም፤ የመያዝ ዕድሉ ግን ከፍ ይላል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች በግብዓቱ ላይ የተጻፈውን ያነጻጽራሉ። ብዙ ፈጣን ኮድ ምንም ሳይመልስ በተሰጠው አሬይ ላይ ብቻ ይጽፋል፤ እንዲህ ያለውን ፋንክሽን የተመለሰውን ዋጋ ብቻ የሚያይ ቴስት ምንም ሳይፈትነው ያሳልፈዋል።

ደረጃ 4፦ ኤረርም ውጤት ነው

ፓይተኑ ኤረር የሚያነሣበት ግብዓት ላይ ኮምፓይል የተደረገው ቁጥር ከመለሰ ያ መለያየት ነው። ስለዚህ «አስኪድ» ኤረሩን ይዞ እንደ ውጤት ይመልሰዋል፦

```
ተግባር አስኪድ(ፋ፣ ግብዓት):
    ሞክር:
        መልስ ውጤት(ዋጋ=ፋ(*ግብዓት)፣ ኤረር=ባዶ)
    የነምባ የራሱ ኤረር ከተነሣ:
        እንዳለ ልቀቅ
    ሌላ ኤረር ከተነሣ:
        መልስ ውጤት(ዋጋ=ባዶ፣ ኤረር=የኤረሩ ታይፕ)
```

የነምባ የራሱ ኤረር የሚባለው ኮምፓይል ማድረግ ሲያቅተው የሚያነሣው ነው። እሱ ተይዞ ከፓይተኑ ኤረር ጋር መነጻጸር የለበትም፤ በቀጥታ ቴስቱን ይጣል። የሚነጻጸረው የኤረሩ ታይፕ ይሁን፣ መልእክቱን ተዉት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያስቸገረ አንድ ነገር አለ። ከአሬይ የተወሰደ ፍሎት በዜሮ ሲካፈል፣ ፓይተን በኩል ያለው ቁጥር የነምፓይ ስኬለር (ነጠላ ቁጥር) ስለሆነ መልሱ ኢንፊኒቲ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይታያል። ነምባ ግን በነባሪው የፓይተንን የኤረር ሕግ ስለሚከተል በዜሮ የመካፈል ኤረር ያነሣል። ስለዚህ ረዳታችሁ መጀመሪያ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቢሆን አትገረሙ። ኢንፊኒቲውን የምትፈልጉ ከሆነ በዲኮሬተሩ ላይ «ኤረር ሞዴል» የሚለውን አማራጭ ወደ ነምፓይ ቀይሩት። ኤረሩን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፋንክሽኑ ራሱ ዜሮውን ፈትሾ ያንሣው። ቴስቱን ለማለፍ ሲባል ዜሮውን ከግብዓት ማውጣት ግን መፍትሔ አይደለም።

ከአሬይ ወሰን ማለፍ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓይተን «ኢንዴክስ ኤረር» ያነሣል፤ ነምባ በነባሪው ወሰኑን አይፈትሽም፣ ያገኘውን ማኅደረ ትውስታ ያነብባል ወይም ይጽፍበታል። ይህን በተራው ሩጫ ላይ ሆን ብላችሁ አትፈትኑ፤ የቴስቱ ፕሮሰስ በሙሉ ሊወድቅ ወይም፣ ከዚያ በባሰ፣ የሌላ ቴስት ዳታ ሊበላሽ ይችላል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ወሰን መፈተሻውን ያበራ ለብቻው የሆነ ሩጫ እንጨምራለን።

ደረጃ 5፦ ማመሳሰል

ረዳቱ ዋጋ ሊኖረው ወይም ላይኖረው የሚችለው እዚህ ላይ ነው። «አመሳስል» ውጤቱ ተፕል ከሆነ ርዝመቱን አይቶ ወደ እያንዳንዱ አባል ይወርዳል፤ ባዶ ከሆነ ሌላውም ባዶ መሆኑን ያያል፤ የኤረር ታይፖቹ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጣል። እነዚህ ቀላል ናቸው። ሦስቱ ነገሮች ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃሉ፦ ታይፕ፣ የዋጋ ገደብ (ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድ) እና ልዩ ቁጥሮች።

ታይፕን በተመለከተ፣ ለአሬይ ጥብቅ ሁኑ፦ የኤለመንቱ ታይፕና የአሬዩ ቅርጽ በትክክል አንድ ይሁኑ። የነምፓይ «አሰርት ኦልክሎዝ» በነባሪው የኤለመንቱን ታይፕ አይፈትሽም፤ «ስትሪክት» የሚለው አማራጭ የተጨመረለት በነምፓይ 2.0 ነው። ከዚያ በፊት ያለ ስሪት ላይ ከሆናችሁ በራሳችሁ መስመር ጻፉት። ለስኬለር ግን ይህን ጥብቅነት ማላላት ግድ ነው። ፓይተኑ የነምፓይ ፍሎት ሲመልስ ነምባ ተራ የፓይተን ፍሎት ይመልሳል፤ 32 ቢት ፍሎት እንኳ ሲወጣ የፓይተን ፍሎት ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለስኬለር ዓይነቱን ብቻ አነጻጽሩ፦ ኢንቲጀር ከኢንቲጀር፣ ፍሎት ከፍሎት፣ ቡሊያን ከቡሊያን።

ኢንቲጀርና ቡሊያን ያለ ምንም ገደብ በትክክል እኩል ይሁኑ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ32 ቢት ኢንቲጀር አሬይ ውስጥ ያሉ 50,000 እና 50,000 ሲባዙ፣ ፓይተን በኩል ያለው የነምፓይ ስኬለር በ32 ቢት ይቀራል፤ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ስለሆነ ተጠምዝዞ −1,794,967,296 ይሆናል። ነምባ ግን ትንንሽ ኢንቲጀሮችን ሲያሰላ ወደ 64 ቢት ስለሚያሰፋ 2,500,000,000 ይላል። ትክክለኛው የሒሳብ መልስ የኮምፓይለሩ ነው፤ ማጣቀሻችን ነው የተሳሳተው። ረዳቱ ይጥለዋል፤ መጣሉም ተገቢ ነው። እሱ የሚለካው መስማማትን እንጂ ትክክለኛነትን አይደለም። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ቴስት ከጎኑ ሊቆም የሚገባው ለዚህ ነው።

ወደ ፍሎት እንምጣ። (0.1 + 0.2) + 0.3 በ64 ቢት 0.6000000000000001 ነው፤ 0.1 + (0.2 + 0.3) ደግሞ 0.6። የድምር ቅደም ተከተል ሲለወጥ ውጤቱ ይለወጣል። የነምፓይ ድምር አሬዩን እየከፈለ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደምራል፤ ነምባ «ሰም» የተባለውን የድምር ፋንክሽን ሲኮምፓይል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚሄድ ሉፕ ነው የሚሠራው። በ64 ቢት ልዩነቱ ጥቂት የመጨረሻ ዲጂቶች ነው። በ32 ቢት ግን ሊከፋ ይችላል፦ አንድ አንድ እየጨመረ የሚሄድ የ32 ቢት ድምር 16,777,216 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ 1 መጨመር ቁጥሩን አያንቀሳቅሰውም። ጥንድ ጥንድ የሚደምረው ያልፈዋል። እዚህ ላይ ገደቡን ማስፋት ችግሩን መደበቅ ነው፤ ፋንክሽኑ ድምሩን በ64 ቢት ይያዝ።

ታዲያ ገደቡ ስንት ይሁን? የእኔ ምክር ነባሪው ዜሮ እንዲሆን ነው፤ አጥንቱ ላይ እንዲህ ያደረግኩትም ለዚህ ነው። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ስኩዌር ሩት በአይትሪፕልኢ 754 (የፍሎት ስሌት መስፈርት) መሠረት በትክክል መጠጋጋት አለባቸው፤ ስለዚህ «ፋስትማዝ» (የፍሎት ሕጎችን አላልቶ ፍጥነት የሚጨምር የነምባ አማራጭ) ያልበራበት፣ ኤለመንት በኤለመንት የሚሠራ ፋንክሽን ቢት በቢት እንዲስማማ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ሳይን፣ ሎግ፣ ኤክስፖኔንሻል የመሳሰሉት ይህ ግዴታ የለባቸውም፤ ላይብረሪው ሲለያይ የመጨረሻው ዲጂት ይለያያል። እንዲህ ያለ ቴስት ገደቡን ራሱ ጠርቶ ይስጥ፣ ምክንያቱንም በኮመንት ይጻፍ። በአንድ ማዕከላዊ ቦታ የተቀመጠ ሰፊ ገደብ ሁሉንም ቴስት በአንድ ጊዜ ያደነዝዛል።

ከላይብረሪ የሚመጡ ነባሪዎችንም ሳታዩ አትውሰዱ። የ«አሰርት ኦልክሎዝ» አንጻራዊ ገደብ 0.0000001 ነው፣ ፍጹም ገደቡ ደግሞ 0። የ32 ቢት ፍሎት ከ1 ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው እርምጃ 0.000000119 ገደማ ስለሆነ ያ ነባሪ ለ32 ቢት እዚያ የአንዲት እርምጃ ልዩነት እንኳ አይፈቅድም። ፍጹም ገደቡ 0 መሆኑ ደግሞ የሚጠበቀው መልስ 0 በሆነበት ቦታ ማንኛውንም ብናኝ ይጥላል። ስሙ የሚመስለው «ኦልክሎዝ» ሌሎች ነባሪዎች አሉት፦ አንጻራዊው 0.00001፣ ፍጹሙ 0.00000001፤ ናንንም (ቁጥር ያልሆነውን የፍሎት ዋጋ) ከናን ጋር እኩል አያይም። ለእኛ የሚስማማን የመጀመሪያው ነው፤ ናን በተመሳሳይ ቦታ ላይ ከሆነ ይቀበላል።

ሁለቱም ግን የዜሮን ምልክት አይለዩም፤ −0.0 እና 0.0 እኩል ናቸው። ፋንክሽናችሁ በኋላ የሚያካፍል ወይም አንግል የሚያወጣ ከሆነ የምልክት ቢቱን በነምፓይ «ሳይንቢት» ለብቻ አነጻጽሩ።

ስለ ፋስትማዝ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አማራጭ በሙሉ ሲበራ ኤልኤልቪኤም ናን አይኖርም ብሎ እንዲያስብ ይፈቀድለታል፤ በዚህም «ይህ ቁጥር ናን ነው ወይ?» የሚለው ፍተሻችሁ ራሱ ከኮዱ ሊሰረዝ ይችላል። ናን ያለበት ግብዓት ካልሰጣችሁ ረዳቱ ይህን አያይም። ፍጥነቱን የምትፈልጉት ለድምር ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ ነምባ በፋስትማዝ ውስጥ ያሉትን ዝርዝር ፈቃዶች አንድ በአንድ መርጦ መስጠት ይፈቅዳል፤ ናንን የሚመለከተውን ተዉት።

ደረጃ 6፦ የግብዓት ስብስብ

ረዳቱ የሚያየው የምታሳዩትን ብቻ ነው። በፓይቴስት «ፓራሜትራይዝ» አንድ የጋራ የግብዓት ሠሪዎች ዝርዝር አዘጋጁና ሁሉም ቴስት ከዚያ ይውሰድ። ርዝመት 0 እና 1 የግድ ይኑሩ። ኮምፓይለሩ ሉፑን አራት አራት ወይም ስምንት ስምንት አድርጎ በቬክተር ሲያስኬድ የተረፈውን በሌላ ኮድ ነው የሚጨርሰው፤ ስለዚህ 7፣ 8፣ 9 እና 33 ያሉ ርዝመቶች ሁለቱንም መንገድ ይነካሉ። በረድፍ የተደረደረ፣ በዓምድ የተደረደረ፣ እየዘለለ የተቆረጠ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ መጻፍ የተከለከለበት አሬይ። 32 እና 64 ቢት። ናን፣ ኢንፊኒቲ፣ −0.0፣ በጣም ትልቅና በጣም ትንሽ ቁጥር።

በፋንክሽኑ ውስጥ ራንደም ቁጥር የሚያወጣ ኮድ በዚህ ረዳት አይፈተንም። ነምባ ከነምፓይ የተለየ የራሱ የራንደም ሁኔታ አለው፤ ከፓይተን በኩል ዘር ብትሰጡ ኮምፓይል የተደረገው አይሰማም። ቁጥሮቹን ውጭ አውጥታችሁ እንደ ግብዓት አስገቧቸው፤ ፋንክሽኑም በዚያው ይሻሻላል።

ደረጃ 7፦ በውስጡ ሌላ ኮምፓይል የተደረገ ፋንክሽን ሲኖር

ፓይ ፈንክ የሚገፍፈው የውጭውን ዲኮሬተር ብቻ ነው። ፋንክሽኑ ከውስጡ ሌላ በኤንጂት የተሸፈነ ፋንክሽን የሚጠራ ከሆነ፣ ማጣቀሻ ብለን የያዝነው የፓይተን ሩጫ ያንን ውስጣዊ ፋንክሽን የሚጠራው ኮምፓይል እንደተደረገ ነው። ውስጠኛው ቢሳሳት ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ይሳሳታሉ፤ ረዳቱም «ተስማምተዋል» ይላል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር አብራችሁ አድርጉ። አንደኛ፣ በኤንጂት የተሸፈነ እያንዳንዱ ፋንክሽን፣ ትንሹም ቢሆን፣ በስሙ በረዳቱ ይፈተን። ሁለተኛ፣ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ቴስቶችን ጂት በጠፋበት ፕሮሰስም አስኪዱ፤ እዚያ ምንም የተኮምፓየለ ነገር ስለማይኖር ማጣቀሻው እስከ ታች ድረስ ንጹሕ ፓይተን ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ረዳቱን ራሱን ጣሉት

ወድቆ የማያውቅ ረዳት ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። ሆን ብሎ መለያየት ለመፍጠር ነምባ ግሎባል ተለዋዋጮችን በኮምፓይል ጊዜ እንደ ቋሚ የሚያያቸው መሆኑ ይረዳናል፦

```
ብዜት = 2.0

@ኤንጂት
ተግባር አባዛ(ሀ):
    መልስ ሀ * ብዜት

ተግባር ቴስት_ረዳቱ_መለያየትን_ያያል():
    አባዛ(አንዶች(8))
    ግሎባሉን ብዜት = 3.0 አድርግ
    አሰርሽን_ኤረር እንዲነሣ ጠብቅ:
        ወጥነት_ፈትሽ(አባዛ፣ የስምንት_ግብዓት)
```

የመጀመሪያው ጥሪ 2.0ን በማሽን ኮዱ ውስጥ ያጸናል። ከዚያ በኋላ ፓይተኑ 3.0 ያያል፣ የተኮምፓየለው 2.0 ላይ ይቀራል። ግብዓት ሠሪው በረድፍ የተደረደረ፣ መጻፍ የሚፈቀድበት፣ የ64 ቢት አሬይ ማውጣት አለበት፤ ያለዚያ አዲስ ኮምፓይል ይከተልና አዲሱ 3.0ን ያነብባል። ከቴስቱ በኋላ ግሎባሉን መልሱ።

በዚሁ ዘዴ ምንም ሳይመልስ በግብዓቱ ላይ ብቻ የሚጽፍ ሌላ ፋንክሽን ሠርታችሁ ረዳቱ እንደሚይዘው አረጋግጡ። የ21 ፋክቶሪያልን፣ የ50,000ውን ብዜትና ያልተሸፈነ ተራ ፋንክሽንንም ጨምሩ፤ አምስቱም ረዳቱን መጣል አለባቸው።

ደረጃ 9፦ ሩጫዎቹ

በኮንቲኒየስ ኢንተግሬሽን (ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ቴስቶችን በራሱ በሚያስኬደው ሥርዓት) ላይ ቴስቶቹን ሦስት ጊዜ በተለያየ ፕሮሰስ አስኪዱ። አንደኛው እንዳለ። ሁለተኛው ጂትን በሚያጠፋው ተለዋዋጭ፤ በረዳቱ የተጻፉት ይዘለላሉ፣ መልሳቸው የታወቀው ይሮጣሉ። ሦስተኛው የነምባን የወሰን መፈተሻ ተለዋዋጭ 1 አድርጎ፤ «ኢንዴክስ ኤረር» የሚጠብቁ ግብዓቶች የሚሮጡት በዚህኛው ብቻ ነው። ለእነሱ የፓይቴስት ምልክት ስጧቸውና በሌሎቹ ሁለት ሩጫዎች እንዲታለፉ አድርጉ።

«ካሽ» የሚለውን፣ የማሽን ኮዱን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን አማራጭ የምትጠቀሙ ከሆነ የካሽ ፎልደሩን በኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ ወደ ጊዜያዊ ባዶ ፎልደር አዙሩት። ነምባ ካሹን የሚያድሰው ፋንክሽኑ ያለበት ፋይል ሲለወጥ ነው፤ በሌላ ፋይል ያለ፣ ከውስጥ የሚጠራ ፋንክሽን ሲለወጥ አያውቅም። ያረጀ የማሽን ኮድ ከዲስክ ተነሥቶ አዲሱን ፓይተን ሲቃረን የሚጠፋው ሰዓት ብዙ ነው።

«ፓራለል» (ሥራውን ለብዙ ትሬዶች የሚያከፋፍለው አማራጭ) የበራባቸውን ፋንክሽኖች ደግሞ በአንድ ትሬድም በብዙ ትሬድም አስኪዱ። በአንድ ትሬድ ብቻ የሚስማማ ፋንክሽን ካገኛችሁ ገደቡን ከማላላታችሁ በፊት በአንድ ሕዋስ ላይ ሁለት ትሬዶች እየጻፉ እንደሆነ ፈልጉ፤ የድምር ቅደም ተከተል የሚያመጣው ልዩነት የመጨረሻ ዲጂቶችን ብቻ ይነካል፣ የትሬዶች ግጭት ግን በየሩጫው የሚለዋወጥና ብዙ ጊዜም በጣም የራቀ ቁጥር ይሰጣል።